«ምን በላ?» የምትለዋ ዓምድ

ይህን መጻፍ የጀመርሁት በንዴት ነው። ከመናደዴ በፊት ግን ደስ ብሎኝ ነበርና ከደስታው ልጀምር።

አክስቴ ወይዘሮ የሺመቤት፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ዕድሜዋን በላቦራቶሪ ጨርሳ ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወጣች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለሽኝቷ ቀን የሚነበብ አንድ ገጽ የሥራ ታሪክ እንዲዘጋጅ ከሆስፒታሉ አስተዳደር ሲታዘዝ፣ «እኔ ቁጥር እንጂ ዓረፍተ ነገር አይሆንልኝም፤ ማስቴ ትጻፈው» አለች። ማስቴ እኔ ነኝ፤ ሙሉ ስሜ ማስተዋል ነው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ አንብበው «የዚህች ልጅ እጅ ተፈትቷል» ካሉ ወዲህ ባዶ ወረቀት ሳይ እጄን ይበላኛል። ሦስት ቀን ሙሉ እትዬን ስጠይቅ፣ ስጽፍ፣ ስቀድድ ቆየሁና አንድ ገጽ አወጣሁ። እንደዚያ ያማረ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ገጹን ለጓድ ወርቁ ሰጠሁ። ጓድ ወርቁ የሆስፒታሉ የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፊርማ እንኳን ጽሑፍ ፋሻም ከመጋዘን አይወጣም። በማግሥቱ ሲመልሱልኝ ከአምስቱ አንቀጽ ሁለቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

«ቋንቋሽ ያምራል» አሉኝ።

«ታዲያ ይኼ ለምን ተሰረዘ?»

«የመጀመሪያው ሆስፒታሉን ያስወቅሳል። ሁለተኛው ግለሰብን ያገንናል።»

«ሁለቱም እውነት ናቸው እኮ።»

«እውነት አይደለም ማን አለሽ፣ የኔ ልጅ? ቦታው አይደለም ነው የምልሽ።»

ቦታው የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ስለዚህ ቦታውን ራሴ እዚህ አዘጋጀሁለት። ይህ ደብተር የገዛ ራሴ ነው፤ እትዬ የነገረችኝንም እኔ ያየሁትንም ሳልቀንስ እጽፍበታለሁ።

እትዬ የተወለደችው ዘንዘልማ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ መጀመሪያ የተቀጠረችው ከሐይቁ ማዶ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ፣ ብርጭቆ አጣቢ ሆና ነበር። ብርጭቆ ስል የሻይ አይደለም፤ ደምና ሽንት የሚመረመርበት ቱቦ ነው። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለሳሙና ይበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ ማውራት አትወድም። ማውራት የምትወደው ስለ አቶ ሰይድ ነው።

አቶ ሰይድ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። የወረታ ጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ሱቅ ሲከፍቱ እሳቸው ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፉ። እትዬ ያጠበችውን ቱቦ ወደ መስኮቱ ያነሡና ብርሃን ያሳዩታል። ዝም ካሉ ንጹሕ ነው። ካልሆነ «የሺ፣ ይኼ ቱቦ የትናንቱን ሰውዬ አልረሳውም» ብለው ይመልሱላታል። ሰባት ጊዜ በቧንቧ ውኃ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውኃ፣ ከዚያ ፋሻ ላይ ተደፍቶ ፀሐይ መሞቅ። ውስጡ እርጥበት የቀረበት ቱቦ ያገኙ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አያናግሯትም። በሁለተኛው ዓመት ግን ከወንበራቸው ተነሥተው «ነይ ተቀመጪና እይ» አሏት። በማይክሮስኮፑ ውስጥ ቀለበት የምትመስለውን የወባ ተውሳክ ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ቱቦ የሚያጥብ ሌላ ሰው ተፈለገ።

አቶ ሰይድ ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ እትዬ ሁለቱንም ወርሳለች። አንደኛው እርሳስ ነው። ያለቀለት ነገር በቀለም ይጻፋል፤ ያላለቀ ነገር በእርሳስ። ሕመምተኛ ድኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንኳ በእርሳስ ነው የሚጽፉት። «ዳነ አይደል፣ ለምን በቀለም አይሆንም?» ስትላቸው «ቤቱ ደረሰ እንዴ?» ይሏታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ደም የሰጠውን ሰው ሁሉ «ምን በላህ?» ሳይሉ አያሰናብቱም። የዛሬን ብቻ አይደለም፤ የትናንትን፣ ያለፈውን ሳምንት። መልሱን ከውጤቱ አጠገብ ራሳቸው ባሰመሯት ጠባብ ዓምድ ውስጥ ይጽፋሉ። እትዬ ቆይታ ምክንያቱን ጠየቀቻቸው።

«እናቴ በረመዳን ነው የሞተችው» አሏት። «አንድ ወር እህል ሳትቀምስ ማንም አላወቀም። ሁላችንም ጾመኛ ነንና! ለማፍጠር ስንቀመጥ እሷ ለእኛ ትቆርሳለች፣ ታቀርባለች፤ የራሷን አፍ ማን አየ? ጾመኛ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ይጠፋብሻል፣ የሺ። ሳትጠይቂ አታገኚውም።»

በኋላ ሁለቱም ባሕር ዳር ወዳለ ሆስፒታል ተዛወሩ። ስሙን አልጽፍም፤ ጓድ ወርቁ እንዳሉት ሆስፒታሉን ለማስወቀስ አይደለም የተነሣሁት። አለቆች ተፈራረቁ። አንዱ ቁልፍ ብቻ ይወድ ነበር፤ አልኮል ሳይቀር ቆልፎ ለስብሰባ አዲስ አበባ ይሄድና ሥራ ይቆማል። ሌላው ላቦራቶሪ ሲገባ የደም ሽታ ያጥወለውለው ስለነበር ከበሩ ላይ ሆኖ ነው የሚቆጣው። አብዮቱ መጣ፤ ሁሉም ሰው ጓድ ሆነ። አቶ ሰይድ ጡረታ ወጥተው ወረታ ገቡ፤ እርሳሳቸውን ለእትዬ ትተውላት ሄዱ። ዓምዷንም።

ከዚያ ከውጭ አገር በኮንትራት አንድ ቀዶ ሐኪም መጣ። ረጅም ነው፣ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው ይላሉ። ያን ጊዜ የጨጓራ ነቀርሳ፣ ሐኪሞቹ ካንሰር የሚሉት፣ ይዞት የሚመጣ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ እሱም ከመቅደዱ በፊት የደሙን ቅባት ማወቅ ይፈልጋል። ኮሌስትሮል የሚባለውን ማለት ነው። ያገሩ ልማድ ይሁን የራሱ፣ እትዬ አልጠየቀችውም። ምርመራውን ግን ወደደችው።

እኔም አንድ ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ደሙ በእጅ በሚዞር ማሽከርከሪያ ይዞርና ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቢጫው ውኃ ከላይ ይቀራል። ከቢጫው ጥቂት ተወስዶ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት አሲድ፣ ከዚያ ሌላ የሚያቃጥል አሲድ ይጨመርበታል። አንድ ጠብታ ውኃ ቱቦው ውስጥ ከነበረ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ የአቶ ሰይድ ፀሐይ ማሞቅ ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው። ቱቦው ብርሃን እንዳያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እትዬ ሰዓቷን እያየች ትቆማለች፤ በዚያን ጊዜ ብታናግሯት አትሰማም። ሲወጣ አረንጓዴ ሆኗል። ቅባቱ ብዙ ከሆነ አረንጓዴው እንደ ሐምሌ ሣር ይጠቁራል፤ ትንሽ ከሆነ እንደ ደንገል ቡቃያ የገረጣ ነው። መለኪያው መሣሪያ አምፖሉ ተቃጥሎ ወራት ሲቆም፣ እትዬ ልኩ ከሚታወቅ ቱቦ ጎን ይዛ በዓይኗ ትለካ ነበር። አምፖሉ ሲመጣ ከዓይኗ ጋር ያስተያዩታል፤ ዓይኗ እምብዛም አልሳተም።

ከኬሚካሉ ጋር ከፋብሪካው የመጣ አንድ ወረቀት ነበር። ቅባቱ ከዚህ ልክ በላይ ከሆነ መጥፎ ነው ይላል። ከዚህ በታች ከሆነስ? ስለ በታች አንድ ቃል የለውም። ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ጠግቦ ስለሚታመም ሰው ብቻ ነው ያሰቡት። አሁን ድረስ ይህ ያናድደኛል።

እንግዲህ የተሰረዘው የመጀመሪያ አንቀጽ ይኸውና።

ዐቢይ ጾም ነበር። ወይዘሮ አንጓች የምትባል የጢስ ዓባይ ሴት፣ አራት ልጆች ያሏት፣ ጨጓራዋ ላይ ነቀርሳ ተገኝቶባት በማግሥቱ ልትቀደድ ተኝታለች። እትዬ ደሟን ሠራች። አረንጓዴው አልመጣም ማለት ይቀላል። ቱቦው ረጥቦ ነው ብላ በሌላ ደረቅ ቱቦ ደገመችው፤ ያው የገረጣ ነው። ወረቀቱን አየች፤ ከመጥፎው ልክ በጣም በታች ነው። ቢሆንም ደስ አላላትም። እርሳሷን ይዛ ወደ ሕሙማን ክፍል ልትሄድ ስትነሣ ጓድ ወርቁ የስም መጥሪያ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ማክሰኞ ነበር፤ የውይይት ክበብ ቀን።

«ጓድ የሺመቤት፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አንዲት ሴት አንድ ጥያቄ ልጠይቅና እመጣለሁ።»

«ሴትዮዋ ነገም አለች። ክበቡ ግን ዛሬ ነው።»

ባለፈው ወር አንድ ቀን ቀርታ በሕዝብ ፊት ግለሂስ አድርጊ ተብላ ነበር። ስለዚህ ፈራች። ይህን ራሷ ናት ያለችኝ፤ «ፈራሁ ብለሽ ጻፊ፣ ቸኮልሁ አትበዪ» አለችኝ። ዓምዷን ባዶ ተወችና በውጤቱ ላይ «ጥሩ» ብላ ጻፈች። በቀለም። ከዚያም ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤና ስትወያይ ቆየች።

ወይዘሮ አንጓች በማግሥቱ ተቀደደች። ቀዶ ጥገናው የሰመረ ነበር፤ ሐኪሙ ነቀርሳውን አወጣው። ቁስሉ ግን አልያዘም። የተሰፋው ሥጋ ክር መሸከም አልቻለም፤ በዘጠነኛው ቀን ተከፈተና ሞተች።

ባሏ አቶ ፈንታ አስከሬኗን ከመውሰዱ በፊት ላቦራቶሪ ድረስ መጣ። አልጮኸም። «ደሟ ጥሩ ነው ብላችሁ ነበር» አለ።

እትዬ ያን ጊዜ ነው የጠየቀችው፤ «ምን ትበላ ነበር?»

«ከጥምቀት ወዲህ እህል አልወረደላትም። መጀመሪያ ትደብቀን ነበር። ጾም ሲገባ መደበቅም አላስፈለጋት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይበላል? ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ለእኛ ስታቀርብ አንድ ሁለቴ ትጎርስና ትነሣለች። ጾሙን አጠናችው ብለን እኛ እንዲያውም እናደንቃት ነበር።»

እትዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የአቶ ሰይድ እናት ናት በፊቷ የቆመችው። ነግረዋት ነበር እኮ፤ ዓምድ አስምረው ሰጥተዋት ነበር።

የእትዬን ጥፋት አልሸሽግም፤ እሷም አትሸሽግም። ግን ስለ ሰው ጤና እንድትወያይ ከሰው ጤና ላይ ጎትተው የወሰዷት ሰውዬ ዛሬም ቢሮ አላቸው፤ ዛሬም ቀይ እስክሪብቶ አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ሁለተኛው የተሰረዘ አንቀጽ ይመጣል፤ ሰማያዊው ደብተር። እትዬ በገዛ እጇ አሰመረችው። ጨጓራው ለሚቀደድ ሰው ሁሉ ስም፣ አገር፣ የአረንጓዴው ልክ፣ ምን በላ፣ ከዚያም በመጨረሻ አንድ ዓምድ፤ «አለ ወይስ የለም?» ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የሆስፒታሉ መዝገብ ይዘጋል። የእሷ አይዘጋም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን አስከትላ ወደ ጀልባ ወደቡ ትወርድ ነበር፤ ከደሴቶቹና ከዘጌ ለገበያ የሚመጣውን ሰው አንድ በአንድ ትጠይቃለች። «እንቶኔ እንዴት ነው? ይበላል? ሥጋ አወጣ?» የጢስ ዓባይንና የዋንዛዬን ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ ታገኘዋለች። እኔ ትንሽ ስለነበርሁ ሁሉም ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር። አለ ከተባለ በእርሳስ ትጽፋለች። የለም ከተባለ በቀለም፤ ያን ቀን ሸንኮራም አትገዛልኝም።

ዓመታት ሲያልፉ ደብተሩ የሆነ ነገር መናገር ጀመረ። አረንጓዴያቸው የገረጣው ቶሎ ቶሎ በቀለም ይጻፋሉ። ደህና የጠቆረው ብዙዎቹ በእርሳስ ቆይተዋል። እኔ ይህን ስሰማ ዘልዬ «አገኘሽው በይኛ!» አልኋት።

«ምኑን ነው ያገኘሁት? ጥቂት ሰው ነው፣ ማስቴ። ከጥቂት ሰው ሕግ አይወጣም፤ ጥያቄ ግን ይወጣል። ደግሞ የቅባት ማነስ አይደለም አንጓችን የገደላት። ቅባቱ ሲያልቅ ቤቱ ባዶ መሆኑን እየነገረን ነበር። ባዶ ቤት ላይ ነው ቢላዋ ያሳረፍነው።»

ደብተሩን መጀመሪያ ያሳየችው ለጓድ ወርቁ ነው፤ በቅጹ ላይ «ምን በላ?» የሚል ዓምድ ይታተም ብላ ለመጠየቅ። ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱላት።

«ላቦራቶሪ ያሳያል እንጂ አይመክርም፣ ጓድ የሺመቤት። ይኼ ከሥራ ድርሻሽ ውጪ ነው። ደግሞስ ያለ ፈቃድ የሰው ስም ሰብስቦ ወደብ ለወደብ መዞር ምን ይባላል?»

ሰላይ ሊሏት ምን ቀራቸው?

ቀዶ ሐኪሙ ግን ሰማት። ደብተሩን ይዞ መስኮቱ ስር ብዙ ቆመ፤ ጣቱን በአንጓች ስም ላይ አሳርፎ «ይኼ የኔ ነው» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ያንተ ብቻ አይደለም፤ የኔም ነው» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረንጓዴው የገረጣ ሰው ሲመጣ፣ ጊዜ የሚሰጥ ሕመም ከሆነ፣ አብልተው ይጠብቁ ጀመር።

መጀመሪያ የገጠማቸው አንድ መሪጌታ ናቸው። ከደሴት ገዳም በጀልባ የመጡ፣ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ክህነትም ያላቸው፣ ጨጓራቸው የታመመ ሽማግሌ። አሁንም ዐቢይ ጾም ነው! ሐኪሙ ወተትና እንቁላል አዘዘ። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«የነፍስ አባትዎ ይፍቱልዎ» አለች እትዬ።

«ለሌላው እኔ ነኝ የምፈታው። ለራሴ ስሆን ልላላ?»

«እሺ፣ ዓሣስ?»

መሪጌታ ከግድግዳው ወደ እሷ ዞሩ። «በዓሣ ጉዳይ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል።»

«እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?»

«እስከ ትናንት ከከልካዮቹ ነበርሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጠዋት ክንዴን አየሁት» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ላይ እየሳቡ። «የሐይቅ ሰው ሆኖ ዓሣ አልበላም ብሎ መሞትም ትዕቢት ነው መሰለኝ።»

እትዬ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ ዳር እየወረደች፣ በታንኳ ከሚመጡት አጥማጆች ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ትገዛ ጀመር። በኑግ ዘይት አብስላ፣ እሾሁን ለቅማ፣ መረቁን በትንሽ በትንሹ ታጠጣቸዋለች። ጓድ ወርቁ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሸተታቸው። «ይኼ ሆስፒታል ነው ወይስ ዓሣ ቤት?» አሉ።

«ሰው ተሽሎት ከወጣበት እርስዎ በፈለጉት ስም ይጥሩት» አለቻቸው። በዚያ ወር ከደመወዟ ተቀጣች።

ፋሲካ ሲገባ መሪጌታ ወተቱንም እንቁላሉንም ተቀበሉ። አረንጓዴያቸው በየሳምንቱ ሲጠቁር እትዬ ቱቦውን አምጥታ ታሳያቸው ነበር። «ይኼ እኔ ነኝ?» ይላሉ እየሳቁ። ተቀደዱ፤ ቁስሉ ያዘ፤ በእግራቸው ጀልባ ላይ ወጡ። ይኸው እስከዛሬ በእርሳስ ናቸው።

አሁን ወደ ሽኝቱ ልመለስ። ያ ሐኪም ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ከገባ ቆይቷል፤ አዲስ ቀዶ ሐኪም መጥቷል። እትዬን የተካው አቶ ደረጀ የሚባል ዲፕሎማ ያለው ሰው ነው። እትዬ ሰማያዊውን ደብተር ላስረክብ ስትል ጓድ ወርቁ «የመንግሥት ሰነድ ስላልሆነ ርክክብ ውስጥ አይገባም» አሏት። ማለት የፈለጉት ገባኝ፤ እሷ ስትወጣ ጥያቄዋም አብሯት ይውጣ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ «ምን በላህ?» የምትል እሷ ብቻ ናት። ከነገ ጀምሮ የለችም።

አዳራሹ ሞልቷል። ለስላሳ ተደርድሯል፤ የስጦታው ብርድ ልብስ በወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውጭ ዝናብ ነው። ገጼን ይዤ ቆምሁና ማንበብ ጀመርሁ። ዘንዘልማን አነበብሁ፣ አቶ ሰይድን አነበብሁ። ቀዩ መስመር ጋ ስደርስ ጓድ ወርቁን አየኋቸው፤ ዝለዪው እንደማለት አንገታቸውን ነቀነቁ። ዘለልሁት። አዎ፣ እኔም ፈራሁ።

«ዘለልሽ» አለች እትዬ ከተቀመጠችበት። ድምጿ ረጋ ያለ ነው።

«የተሰረዘ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ የሥራ ዘመን ያለ አንጓች የለኝም። አንብቢው።»

አነበብሁት። አንጓችን፣ የገረጣውን ቱቦ፣ «ጥሩ» የምትለዋን ቃል። «ሴትዮዋ ነገም አለች» የሚለው ላይ ስደርስ የጓድ ወርቁን ስም አልጠራሁም፤ ግን ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ዘጠነኛውን ቀን አንብቤ ጨረስሁ። ማንም አላጨበጨበም።

አዲሱ ቀዶ ሐኪም ከፊት ወንበር ዞር አለና አቶ ደረጀን ጠየቀው። «የስድስት ቁጥሩ ሽማግሌ፣ ነገ የምቀደው፤ ቅባቱ እንዴት ነበር?»

«ዝቅተኛ ነው» አለ አቶ ደረጀ። ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። «ጥሩ ብዬ ልኬዋለሁ።»

«ምን በላ?» አለች እትዬ።

«ቅጹ ላይ እንደዚያ የሚል ቦታ የለም።»

እትዬ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። ጓድ ወርቁ ከኋላዋ ተጣሩ፤ «ጓድ የሺመቤት፣ ወዴት ነው? ስጦታው አልተሰጠም እኮ።»

«ብርድ ልብሱ ነገም አለ» አለች።

ሐኪሙና አቶ ደረጀ ተከተሏት። እኔም ወረቀቴን ይዤ ሮጥሁ። አልጋ ቁጥር ስድስት ላይ የዘጌው አቶ ካሴ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል፤ ልጃቸው ከአጠገባቸው ቆሟል።

«አባባ፣ ምን እየበሉ ነው?»

«የሰኔን ጾም ይዣለሁ፣ ልጄ።»

«ከጾሙ በፊትስ?»

አቶ ካሴ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ጣሪያውን። «ከፋሲካ ወዲህ አጥሚት ነው። እሱም አንዳንዴ ይመለሳል።»

«አባባ» አለ ልጃቸው፣ «ለምን አልነገርኸንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሐኪሙ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ አንሥቶ የነገውን ቀን ሰረዘ። እንዲህ ያለ መሰረዝ ብቻ ነው ያስደሰተኝ።

የሰኔ ጾም ሲፈታ ወተት፣ እንቁላልና የዓሣ መረቅ ተጀመረ። አቶ ካሴ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ተቀደዱ፤ በፍልሰታ ቤታቸው ገቡ። ረድፋቸውን በሰማያዊው ደብተር ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እትዬ ዓይኗ ደክሟል፤ «እጅሽ ተፈትቷል ካሉሽ እስቲ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ጻፊበት» አለችኝ። ከድርሰት ይከብዳል። «ከፋሲካ ወዲህ አጥሚት ብቻ» የሚለውን ሁለቴ አጥፍቼ ነው ያስገባሁት። የመጨረሻዋ ዓምድ ባዶ ቀረች።

ቅጹ እስከዛሬ አልተቀየረም። አቶ ደረጀ ሊያሳትመው ጠይቆ ነበር፤ ጓድ ወርቁ ቅጽ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው ብለውታል። አንዲት መስመር ለማስመር አዲስ አበባ! አቶ ደረጀ ማስመሪያ ገዝቶ በራሱ እጅ እያሰመረ ነው። ዲፕሎማውን ያከበርሁለት ያኔ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬና እኔ ወደቡ ላይ ነበርን። የመስከረም ፀሐይ ወጥቷል፤ የዘጌ ጀልባ ጌሾና ቡና ጭኖ ገባ። ቀዛፊውን ጠራሁት።

«አቶ ካሴን ታውቃለህ?»

«የቱ ካሴ? ሆዱን የተቀደደው?»

«አዎ።»

«እሱ ሰውዬማ ሆዱን ሰፍተው አፉን ረሱት እንጂ! ትናንት ከጎረቤቱ ጋር በጌሾ አጥር ሲጨቃጨቅ ነው ትቼው የመጣሁት። ምሳ ቀርቦ እንኳ አልተው አለ፤ ከዚያ ምሳውንም በላ፣ ጎረቤቱንም ረታ።»

እትዬ ሳቀች። እኔ ደብተሩን ከፍቼ እስክሪብቶዬን ከኪሴ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«በእርሳስ» አለች። «ሰውዬው ገና መንገድ ላይ ነው።»

የአቶ ሰይድን እርሳስ ሰጠችኝ። ከመቀረጽ ብዛት የጣት ያህል ቀርታለች። ጫፏን አሹዬ በመጨረሻዋ ዓምድ ውስጥ ጻፍሁ፤ አለ።